አደገኛዋ የስፌት መምህርት

ባቡሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነበር አማቷ የተሳፈሩት። በአንድ እጃቸው የፉርጎውን ብረት ጨብጠው፣ በሌላው የተጠቀለለ ፍራሽ አቅፈው፣ ትኬት ቆራጩ ከላይ እየሳበ አንድ ተሸካሚ ከታች እየገፋ ገቡና ከምራታቸው አጠገብ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። የስፌት መምህርቷ ክው አለች። ገና ጠዋት ቤታቸው በር ላይ ተቃቅፈው፣ ተላቅሰው፣ ተሰነባብተው ነበር።

«እማማ፣ ወዴት ነው?» አለቻቸው።

«አንቺ ወደምትሄጂበት ነዋ። ልጄ ሲሞት አንቺን ለእኔ አደራ አለ እንጂ ለባቡር አላለም።»

ከዚያ ሻሻቸውን አስተካከሉና በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ የእንጨት ወንበሮች ላይ የተቀመጡትን መምህራን አንድ በአንድ ገላመጧቸው። በእሳቸው ቤት ምራታቸውን ከቀዬዋ ያስነቀሏት እነዚህ ናቸው።

መምህራኑ ከእሷ ጋር ስድስት ነበሩ። በትምህርት ቤቱ ልማድ ሁሉም የሚጠሩት በሚያስተምሩት ትምህርት ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ጂኦግራፊ ጠጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሰው ሲሆኑ፣ የራሳቸውን የዓለም ሉል በካፖርታቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ዕድሜ ልካቸውን ባሕርና በረሃ ሲያስተምሩ ከከተማዋ ኬላ አልፈው አያውቁም እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ዛሬ አለፉ። ከፊታቸው ትከሻው በር የሚያህለው ስፖርት ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተቀምጧል። ታሪክ፣ ሒሳብና ሳይንስ በመስኮቱ በኩል ተደርድረው የሚርቀውን የትምህርት ቤት ጣሪያ ያያሉ። የስፌት መምህርቷ ብቸኛዋ ሴት ነበረች፤ የእጅ ስፌት መኪናዋን ከእንጨት ክዳኑ ጋር እግሯ ሥር አስቀምጣለች።

ነገሩ የተጀመረው አገረ ገዢው ከተማዋን በጎበኙ ዕለት ነው። ተማሪዎች ከማለዳ ጀምሮ መንገድ ዳር ተሰልፈው እንዲጠብቁ ታዘዘ። የአገረ ገዢው መኪና ሳይመጣ ፀሐይ አናት ላይ ወጣችና አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ራሷን ስታ ወደቀች። የሙዚቃ መምህሩ ማንንም ሳያስፈቅድ ተማሪዎቹን ጥላ ውስጥ አስገባ። በማግስቱ ተባረረ። የመምህራን ማኅበሩ ገና ዓመት ያልሞላው ጨቅላ ነበር፤ ቢሆንም አባላችን ይመለስልን ብሎ ጠየቀ፤ ሰሚ ሲያጣ ጠመኔውን አስቀመጠ። ጥቂት ቀናት ክፍሎቹ ተዘግተው ከቆዩ በኋላ ሙዚቃ በጓሮ በር ተመልሶ እንዲገባ ተደረገ። ማኅበሩ አሸነፈ ማለት ነው። የትምህርት ሚኒስቴሩ ግን ቂሙን ቋጥሮ ያዘ፤ ማኅበሩን መርተዋል ያላቸውን ስድስቱን በባቡሩ መስመር ወደተለያዩ ጣቢያዎች አዛወራቸው።

እውነቱን ለመናገር የስፌት መምህርቷ እንኳን ልትመራ፣ ስብሰባ ላይ አፏን ከፍታ አታውቅም። ማኅበሩ ሲመሠረት ጋሼ ጂኦግራፊ ከክፍል ክፍል እየዞሩ መምህሩን ሁሉ ሲያስገቡ የእሷን በር አልፈውት ሄደው ነበር። መርፌና ክር የሚያስተምር ሰው መምህር ይባላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በኋላ ሰንደቅ እንድትሰፋላቸው ጨርቅ ይዘው መጡ። ሰፋች። ሲረከቧት፣ ጋሼ፣ ይሄ ሰንደቅ የእኔም ነው ወይስ የእናንተ ብቻ ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው እስከ ጆሯቸው ቀሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቁና እዚያው አባል አደረጓት። የሥራ ማቆሙ ሲያበቃ የሚኒስቴሩ ዋና ተቆጣጣሪ ሰንደቁን አንስተው ይህን የሰፋ ማን ነው ሲሉ መምህራኑ መሬት መሬቱን አዩ። እሷ ግን እኔ ነኝ አለች። ከሁሉም የራቀው፣ የሐዲዱ መጨረሻ የሆነው ጣቢያ የደረሳት በዚህ መልሷ ነው።

ከተማዋ ከዐይን እንደተሰወረች እኚሁ ዋና ተቆጣጣሪ ከአንደኛ ማዕረግ ፉርጎ መጡ። ካኪ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ የኪስ ሰዓታቸው በብር ሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ በእጃቸው የቆዳ ቦርሳ ይዘዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ድሮ እሳቸውም መምህር ነበሩና ከጋሼ ጂኦግራፊ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተው ያውቃሉ። ሚኒስቴሩ እንደ አባት ነው፣ ቢቀጣም ይምራል ሲሉ ጀመሩ። እያንዳንዱ ሰው በጣቢያው ከመውረዱ በፊት የማኅበሩን የደረት ምልክት፣ የተከፈተ መጽሐፍ የተቀረጸባትን ያቺን ትንሽ ነሐስ፣ ለእሳቸው ካስረከበ በመልሱ ባቡር ወደ ቤቱና ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ካላስረከበ እዚያው የወረደበት ይቀራል።

«ደግሞ ለምን ትደክማላችሁ?» አሉ ቦርሳውን እያሳዩ። «ማኅበር ማለት ተሰብስቦ የተቀመጠ ሰው ነው። የተበተነ ሰው ማኅበር አይባልም።»

የመለሱላቸው አማቷ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ይህ ጌታ እውነታቸውን ነው አሉና ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ስጪያቸው ልጄ። ቤት አይከፍት፣ በር አይዘጋ፣ ምን ያደርግልሻል?»

ተቆጣጣሪው ለአሮጊቷ እጅ ነሥተው፣ ተስፋ ይዘው ወደ ፉርጎአቸው ተመለሱ። የስፌት መምህርቷ ግን ነሐሷን በሻርፕዋ ሸፈነቻት።

የመጀመሪያው ጣቢያ የታሪክ ነበር። ባቡሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ ታሪክ የቆርቆሮ ሳጥኑን አንስቶ እንደገና አስቀመጠው። ጣቢያው ላይ የማያውቃቸው ብዙ ሰዎች ቆመዋል። ኮታቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ ስላለ መምህራን መሆናቸው ከሩቅ ያስታውቃል። ጋሼ ጂኦግራፊ እንኳ ሊደበድቡን ነው እንዴ ብለው ሉላቸውን ጠበቅ አደረጉ።

አንድ ጎበጥ ያሉ መምህር ወደ መስኮቱ ተጠግተው፣ ከእናንተ አደገኛው የቱ ነው ብለው ጠየቁ። መምህራኑ ግራ ተጋቡ። ነገሩ ኋላ ተገለጠ። ሚኒስቴሩ በየጣቢያው ላሉ ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም፣ ዛሬ በባቡር አደገኛ ሰው ይመጣልና መምህራን እንዳይቀርቡት የሚል ማስጠንቀቂያ ልኳል። በዚያ ትምህርት ቤት ከተቆረጠ ጠመኔና ከዘገየ መጽሐፍ በቀር ከዋናው ከተማ የመጣ ነገር አልነበረም። አደገኛ ሰው ሲመጣ ማን ቤቱ ይቀመጣል? ሁሉም ሊያዩት ወጡ።

ታሪክ ባርኔጣውን አነሣና እኔ ነኝ አለ። ምን አድርገህ ነው አሉት። ስለወደቀችው ልጅ፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለተዘጋው ትምህርት ቤት ወርዶ እዚያው ሳጥኑ ላይ ቆሞ ነገራቸው፤ ታሪክ መናገር ደግሞ ሥራው ነው። ባቡሩ ሳይነሣ፣ ሙዚቃ እውነት ተመለሰ ወይ ብለው ደጋግመው ጠየቁት። ተመልሷል ሲላቸው ሳጥኑን ከእግሩ ሥር አንስተው ለሁለት ተሸከሙለት። ተቆጣጣሪው በፉርጎአቸው ደረጃ ላይ ቦርሳቸውን ከፍተው እንደያዙ ቀሩ።

በሒሳብ ጣቢያም እንደዚያው ሆነ። በሳይንስ ጣቢያ ጭራሽ መምህራኑ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው መጥተው ነበር። ጋሼ ጂኦግራፊ ከሳቃቸው የተነሣ መነጽራቸው ወደቀ። ዓመት ሙሉ እግሬ እስኪነቃ ዞሬ ያላገኘሁትን አባል መንግሥት በቴሌግራም መለመለልኝ አሉ። አማቷ ሳይቀሩ ከንፈራቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ፈገግ አሉ።

ስፖርት ብቻ አልሳቀም።

የስፌት መምህርቷ ከጠዋት ጀምሮ ስታየው ነበር። ጣቢያው ሲቃረብ ነሐሱን ከደረቱ ነቀለና በመዳፉ ጨብጦ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ጋሼ ጂኦግራፊም አዩት። ሳቃቸው ጠፋ። ከሁላችን ጠንካራው አንተ አልነበርክም ወይ፣ ሦስቱ ጓደኞችህ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወርደው አንተ ልታዋርደን ነው ወይ እያሉ ወረዱበት። ስፖርት ነሐሱን ይበልጥ ጨብጦ አጎነበሰ። እንደዚያ ያለ ግዙፍ ሰው ሲያንስ ማየት አንጀት ይበላል።

እሷ ተነሥታ በሚወዛወዘው ፉርጎ መካከል አለፈችና አጠገቡ ተቀመጠች። ስለ ነሐሱ አላነሣችበትም።

«ቤት ማንን ትተህ ነው የመጣኸው?» አለችው።

ስፖርት ያኔ ነው የተናገረው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፤ ቀኗ ደርሷል። እናቷ በሕይወት የለችም። ከሥራ ማቆሙ ወዲህ ጎረቤት እንኳ ፈርቶ በራቸውን አያንኳኳም። ሲወጣ ሂድ፣ እኔ እችለዋለሁ ብላ በሩን ዘጋችበት፤ ከበሩ ጀርባ ግን ስታለቅስ ሰምቷታል።

ጋሼ ጂኦግራፊ መነጽራቸውን አውልቀው ሳይቆሽሽ ይጠርጉት ጀመር። የተናገሩት አማቷ ነበሩ።

«ስድስት ሆናችሁ አገረ ገዢ ስትጋፈጡ፣ አንዲት ነፍሰ ጡርን የሚጠብቅ ሰው አላሰባችሁም?»

ሊቀ መንበሩ አላሰብንም አሉ በዝግታ። ሰበብ አልደረደሩም።

አማቷ ጎንበስ ብለው ፍራሹን ከወንበሩ ሥር ጎተቱ። እዚህ ጣቢያ ላይ የሚወርደውና የሚወጣው ባቡር ይተላለፋሉ ሲል ትኬት ቆራጩ ቀደም ብሎ ነግሯቸው ነበር።

«እንግዲያው እኔ እመለሳለሁ» አሉ። «አንተም ያንን ብረትህን ደረትህ ላይ መልስ። ልጅህ ተወልዶ አባቱን ምን ሆነህ መጣህ ቢለው ጥሩ አይደለም።»

የስፌት መምህርቷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኚህ ሴት ተለይታ አድራ አታውቅም። የማታውቀው አገር፣ የማታውቀው ቤት፣ ብቻዋን። እማማ ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ቀረች። አሮጊቷ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አደራዬን አልረሳሁም። አንቺ ግን ራስሽን ትችያለሽ። ያቺ ልጅ ዛሬ አትችልም።»

ባቡሩ ቆመ። ተቆጣጣሪው የስፖርትን ነገር ከሩቅ ሳይጠረጥሩ አልቀሩም፤ ቦርሳቸውን ከፍተው ከፉርጎው በር ሥር ይጠብቁ ነበር። ስፖርት ወረደና ፊት ለፊታቸው ቆሞ ነሐሱን ደረቱ ላይ መልሶ ሰካው። ከኋላው አማቷ ወረዱ።

«ጌታዬ፣ የመልስ ቦታ አለ ብለው የለ? እኔ ነኝ የምመለሰው» አሉ።

ተቆጣጣሪው፣ እመቤቴ ይህ ለመምህራን ነው ብለው ሊከራከሩ ሞከሩ። አሮጊቷ፣ ስመክርልዎ ጊዜ እናቴ ሊሉኝ ምንም አልቀረዎትም፣ አሁን ባዕድ ሆንኩ ወይ ሲሏቸው ወዲያ ወዲህ አዩና ትኬቱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡ። ስፖርት ፍራሹን በአንድ ብብቱ፣ እሳቸውን በሌላው አቅፎ ሐዲዱን አሻገራቸው። ሊቀበሉት የመጡት የአገሩ መምህራን አደገኛው ሰው አሮጊት ተሸክሞ ሲሮጥ ሲያዩ መጀመሪያ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቀጥሎ አጨበጨቡ። ሁለቱ ባቡሮች ሲለያዩ አማትና ምራት በመስኮት ተያዩ። እጅ አላውለበለቡም፤ ሁለቱም እጃቸው እንባቸውን በመጥረግ ላይ ነበር።

ጋሼ ጂኦግራፊ ጣቢያቸው ደርሶ ሊወርዱ ሲሉ ሉሉን አቅፈው ቆሙና፣ ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ስናገር ከርሜ የዚያ ልጅ ሚስት ነፍሰ ጡር መሆኗን አላወቅሁም አሉ። ሰው ወደ ማኅበር ማስገባት እችል ነበር፤ እንዴት እንደሚቆይ ግን ዛሬ ነው ያየሁት ሲሉ ጨመሩ። ከዚያ የሚቀበሏቸው መምህራን ሉሉን እንዳይነኩት እየተከላከሉ ወደ ሕዝቡ ገቡ።

ፉርጎው ውስጥ እሷ ብቻ ቀረች። መስኩ ሲያልቅ ኮረብታ፣ ኮረብታው ሲያልቅ ደረቅ ሜዳ መጣ። ተቆጣጣሪው መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። አሁን ሲታዩ ደክመዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በከተማዋ የሴቶች የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ኃላፊዋ አንቺ ትሆኛለሽ አሏት። እናትሽም እዚያው ናቸው፣ ቤትሽም እዚያው ነው። ባዶ ቦርሳ ይዤ ብመለስ እኔስ ምን እላለሁ ሲሉም ጠየቋት።

ውሸት ለመናገር ካልሆነ በቀር ልቧ አልተናወጠም ማለት አይቻልም። ኃላፊነቱን ተመኘችው። የራሷን አልጋና የእማማን ሳል ከግድግዳው ወዲያ መስማትን ደግሞ ከኃላፊነቱም በላይ ተመኘችው። ዳቦዋንና የተቀቀለ እንቁላሏን ከጨርቅ ፈታች፤ ተቆጣጣሪውም ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ አይታለችና ግማሹን አቀረበችላቸው። ከዚያ መለሰችላቸው።

«ስፖርት ሚስቱን ለእኔ እናት አምኖ ወረደ፣ ክቡርነትዎ። እኔ ዛሬ ብመለስ በየትኛው ዐይኔ አየዋለሁ?»

ተቆጣጣሪው እንቁላሉን በዝግታ ላጡ። ሲጨርሱ አመሰገኑና፣ እኔ መምህር በነበርኩ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ አልነበረም ብለው ወደ ፉርጎአቸው ሄዱ።

የመጨረሻው ጣቢያ ላይ የተቀበላት ሕዝብ አልነበረም። ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ የጣቢያው አግዳሚ ወንበሮች ባዶ ናቸው። አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክራባታቸው የጠበቀ ሰው ብቻ ቴሌግራም ይዘው ቆመዋል። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነበሩ። አደገኛዋ እርስዎ ነዎት ወይ ብለው ጠየቁ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም። እሷ የስፌት መኪናዋን እንደታቀፈች አዎ አለች። ለሌሎቹ የሆነው ለእኔ አልሆነም ስትል አሰበች።

ርዕሰ መምህሩ መኪናውን ከእቅፏ ተቀበሏትና ወደፊት አመሩ። ትምህርት ቤቱ ከጣቢያው ጀርባ ነበር። አንድ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ቴሌግራሙ መምህራን ጣቢያ ወጥተው እንዳይቀበሉ ነው የሚለው» አሉ። «ክፍል ውስጥ ስለመጠበቅ የሚለው ነገር የለም።»

በሩን ከፈቱት። ክፍሉ ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቷል። የዚያው ትምህርት ቤት መምህራንና ከዙሪያው ካሉ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች በእግር የመጡ፣ ጫማቸው አቧራ የጠጣ ወንዶችና ሴቶች በተማሪዎች አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ስትገባ እንደ ተማሪ ሁሉም ብድግ አሉ።

ተቀመጡ ያለችው ከፊት ላሉት ብቻ በተሰማ ድምፅ ነው። ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ ጋሼ ጂኦግራፊ እዚህ በነበሩ እያለች ተመኘች። ከፊት የተቀመጠች አንዲት መምህርት፣ ማኅበሩ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚገባ ንገሪን አለቻት። የስፌት መምህርቷ ንግግር አታውቅም። ስለዚህ የምታውቀውን አደረገች።

«ከዚያ በፊት እኔ ልጠይቃችሁ» አለች። «ከእናንተ መካከል ቤቱ ችግር ኖሮበት ለማንም ያልተናገረ ማን ነው?»

አንዱ አንዱን አየ። ምነው ባልጠየቅሁ አለች በልቧ። ከበሩ አጠገብ አንድ እጅ ተነሣ። የርዕሰ መምህሩ ነበር።

ሚስታቸው ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ከርማለች። በየዕረፍቱ እየሮጡ ሄደው ያገላብጧታል፣ ውኃ ያጠጧታል፣ እየሮጡ ይመለሳሉ። ከመምህራኑ ጋር ተቀምጠው ሻይ የማይጠጡት፣ ፊታቸው የማይፈታው ኮርተው አይደለም። ይህን ሁሉ ወለሉን እያዩ ተናገሩ። መምህራኑ አፈሩ፤ ሰውየው በዕረፍት ሰዓት ቤቱ ሄዶ ይተኛል ተብሎ ሲወራ ነበርና። ከፊት የተቀመጠችው መምህርት ጠዋት ጠዋት እኔ እሄድላታለሁ አለች። ሌላዋ ከሰዓት በኋላ የእኔ ነው አለች። አንድ ጎልማሳ ጋሼ የሚዘገዩበትን ክፍል እኔ እይዝልዎታለሁ አለ። አንዱ ሲናገር ሌላው እየተቀበለ፣ ከዙሪያው የመጡት ሳይቀሩ የእኛም ቤት እንዲህ ያለ አለ እያሉ፣ ክፍሉ እንደ ገበያ ሞቀ። የስፌት መምህርቷ ስለ ማኅበሩ አንድም ቃል ሳትናገር ቀናቱ ተከፋፍለው አለቁ።

ጫጫታው በረድ ሲል ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፅዋ አሁን እስከ ኋላ ተሰማ።

«ማኅበሩ ይሄው ነው። መግባት የሚፈልግ አሁን መመዝገብ ይችላል።»

ርዕሰ መምህሩ ክራባታቸውን አላልተው በወንበሮቹ መካከል ወደፊት መጡና፣ ከእኔ ጀምሪ አሏት። ስማቸውን ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብለው ነገሯት። ውጭ ተቆጣጣሪውን ይዞ የሚመለሰው ባቡር አፏጨ። ወደ መስኮቱ የዞረ አልነበረም፤ ከኋላቸው ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ሁሉም ተራውን እየጠበቀ ነበር።